የዋንዛ ሜዳ ስምንተኛ ክፍል

ማዮርስቱን ጣቢያ ባቡር ስጠብቅ ከኋላዬ «ቲቸር» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ኦስሎ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ሰው በብዙ ስም ጠርቶኛል። ጡረታ እስክወጣ በሠራሁበት ሲከየም፣ በአረጋውያን መጦሪያው ማለቴ ነው፣ ሽማግሌዎቹ ስሜ ለምላሳቸው ስለከበዳቸው «ቬኒ» ይሉኝ ነበር። በቤተ ክርስቲያን እህት ወይንሸት ነኝ። የጓደኞቼ ልጆች «ታንተ» ይሉኛል፣ አክስት ማለታቸው ነው። ቲቸር ብሎ የሚጠራኝ ግን አንድም ሰው ስላልነበረ ሌላ ሰው የተጠራ መስሎኝ ዝም አልኩ። ድምፁ ሲደገም ዞር ብዬ አየሁ። ብርቱካናማ የሥራ ጃኬት የለበሰች፣ ፀጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያለባት ሴት ቆማለች። በአንድ እጇ መጥረጊያ ይዛለች፤ የሌላ እጇን ጓንት በጥርሷ እየጎተተች ታወልቃለች።

«አላወቁኝም አይደል ቲቸር?» አለችኝ። «ዘነበች ነኝ። የአቶ ይመር ልጅ። የዋንዛ ሜዳዋ።»

ባቡሩ መጣ፤ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ሄደ። እኔ እጇን እንደያዝኩ ቀረሁ። የማርች ወር ነበር። በረዶው ጠቁሮ መንገድ ዳር ተከምሯል፤ ከሰዉ ካፖርት የእርጥብ ሱፍ ሽታ ይወጣል። እሱ ሽታ ነው መሰለኝ የወሰደኝ። ዋንዛ ሜዳ ሰኔ ሲገባ፣ ክፍሉ ከበግ ፀጉር የተሠራ ባና ለብሰው ዝናብ ባራሳቸው ልጆች ሲሞላ፣ የሚሸተው ልክ እንዲሁ ነበር።

ዋንዛ ሜዳን ካርታ ላይ ፈልጎ የሚያገኛት ያለ አይመስለኝም። መንገዷ አንድ ነው። በመንገዱ አንድ ጫፍ ወፍጮ ቤቱ፣ በሌላው ጫፍ ትምህርት ቤቱ፣ መሐል ላይ የወይዘሮ አረጋሽ ሻይ ቤት። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ በአምስት ሳንቲም፤ ሬዲዮኑ ደግሞ በነፃ ነበር። ሬዲዮኑን ወይዘሮ አረጋሽ ዳንቴል አልብሰው መደርደሪያ ላይ ሰቅለውታል፤ የክራር ዜማ ሲመጣ ድምፁን ከፍ፣ ንግግር ሲመጣ ዝቅ ያደርጉታል። አውቶቡስ የሚመጣው ሐሙስ ሐሙስ ለገበያ ብቻ ነው፤ ክረምት ሲገባ እሱም ይቀራል። እኔ ከዚያ አውቶቡስ ስወርድ አፍሮዬን አበጥሬ፣ ታቹ ሰፊ የሆነ ቡናማ ሱሪ ለብሼ፣ ተረከዘ ረጅም ጫማ ተጫምቼ ነበር። የጫማው አንድ ተረከዝ ገና ከወፍጮ ቤቱ ሳላልፍ ጭቃ ውስጥ ቀረ። በማግስቱ ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ኮንጎ ገዛሁ፣ ያንን የላስቲክ ጫማ። ፀሐይ ላይ ሲውል እግር ያቃጥላል፤ ግን አያረጅም። እዚህ ኦስሎ፣ ፉሩሴት በሚባለው ሰፈር የገበያ አዳራሽ ውስጥ ባለፈው ክረምት ተመሳሳዩን አየሁና ዋጋውን ሳይ ሳቅኩ። ሻጯ ምን እንዳሳቀኝ ጠየቀችኝ፤ ማስረዳቱ ከበደኝ።

ትምህርት ቤቱን ሕዝቡ እንጨት ተሸክሞ፣ ጭቃ ረግጦ የሠራው ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲጥል ድምፄ አይሰማም፤ ዝም ብዬ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ፣ ልጆቹም ዝም ብለው ይገለብጣሉ። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ከተከፈተ ብዙም አልቆየም። የስምንተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ያን ጊዜ ሚኒስትሪ ነበር የሚባለው። እሱን ያላለፈ ልጅ ወደ ሁለተኛ ደረጃ አይገባም። ዋንዛ ሜዳ ላይ ደግሞ የሚያልፈው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ማንም ያላለፈበት ዓመትም ነበረ። ልጆቹ ሰነፎች አልነበሩም። እስከ ስድስተኛ በአማርኛ ተምረው ሰባተኛ ሲገቡ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል፤ እንግሊዝኛውን የሚናገር ሰው ደግሞ በዚያ አገር ከእኛ ከመምህራኑ ሌላ የለም፤ እኛም ብንሆን እንደነገሩ ነበርን።

እኔ በሄድኩ በሁለተኛው ዓመት መስከረም ላይ ከአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ ሰው በበቅሎ መጡ። ካኪ ሙሉ ልብስ ለብሰው ኪሳቸው ላይ ሁለት እስክሪብቶ ሰክተዋል። ክፍሎቹን ዞረው አዩና ሰባት የማንሞላ መምህራንን ዳይሬክተሩ ቢሮ ሰብስበው ነገሩን ሳያሽሞነሙኑ ተናገሩ።

«ዘንድሮም ውጤቱ ካልተሻሻለ ሰባተኛና ስምንተኛ ይዘጋል» አሉ። «ለማያልፍ ተማሪ መምህር መመደብ አንችልም። የሚፈልግ ወደ አውራጃው ከተማ ሄዶ ይማር።»

የአውራጃው ከተማ ማለት የሙሉ ቀን የእግር መንገድ ነው። እዚያ ለመማር ቤት መከራየት፣ ስንቅ መላክ ያስፈልጋል። ወንድ ልጁን የሚልክ ጥቂት ሰው ይገኝ ይሆናል፤ ሴት ልጁን የሚልክ ግን አይገኝም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ ሰውዬውም ያውቃሉ። በቅሏቸው ላይ ወጥተው ሲሄዱ ዳይሬክተሩ አቶ ደምሴ ደጃፉ ላይ እንደቆሙ ረጅም ጊዜ ሳል ያዛቸው። ቀጭን ሰው ናቸው፤ ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ኮት ይለብሳሉ። ያን ትምህርት ቤት ከመሠረቱ ጀምረው ያውቁታል፤ ደክሟቸውም ነበር።

«እንግዲህ ሰምታችኋል» አሉን። «ከነገ ጀምሮ ነው።»

መጀመሪያ ያደረግነው ወላጆችን መሰብሰብ ነው። ስምንተኛ ክፍል ሐሙስ ሐሙስ ባዶውን ይውላል፤ ልጁ ሁሉ ገበያ ነው። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ነገሩን ለወላጆቹ አስረዳን፤ ሐሙስንም እንድንጠቀምበት ልጆቹ ማለዳ መጥተው ተምረው ከዚያ ገበያ ይሂዱ አልናቸው። ብዙዎቹ እሺ አሉ። አቶ ይመር ተነሡ። በሦስት አህያ ጨው ከቆላ የሚያመጡ ነጋዴ ናቸው፤ ድምፃቸው ጎርናና ነው።

«ልጄ ሐሙስ ጨው ትሰፍርልኛለች» አሉ። «እሷ ከቀረች ማን ሊሰፍር ነው?»

«እርስዎ ይስፈሩ» አልኳቸው።

ሰዉ ሳቀ። አቶ ይመር ግን አልሳቁም። «እኔ ስሰፍር ጎደለ ይሉኛል፣ መምህርት። እሷ ስትሰፍር ዝም ብለው ይወስዳሉ» አሉ።

ልጃቸው ዘነበች ከኋላ በኩል ቆማ ትሰማለች። ረጅም ናት፤ ቀሚሷ አጥሮባት ጫፉ ላይ ሌላ ቀለም ጨርቅ ተቀጥሎበታል። ክፍል ውስጥ የመጨረሻው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ጥያቄ ስጠይቃት አንገቷን ትደፋለች። ፈተናዋ ላይ ግማሹ ባዶ ነው። ያን ቀን ስለ ጨው ስትሰማ ቀና ብላ የአባቷን ፊት አየች። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ከገበያ በኋላ ጠርቼ፣ አንድ ቁና ጨው በዚህ ዋጋ ከተሸጠ አምስት ቁና ስንት ያወጣል አልኳት በአማርኛ። አፌን ሳልዘጋ መለሰችልኝ። ያንኑ በእንግሊዝኛ ጽፌ ሰጠኋት፤ ፊቷ ጨለመ። በዚያ ዓመት ሥራችን ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ሂሳብ አይደለም የጎደላቸው። ጥያቄው ምን እንደሚል ቢያውቁ ብዙዎቹ ይሠሩታል።

ስለዚህ ጥያቄ ማንበብ አስተማርናቸው። የታሪኩም የሳይንሱም መምህር ትምህርቱን ሲጀምር መጀመሪያ አንድ የእንግሊዝኛ ጥያቄ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ይተረጎማል፣ እንደገና ይነበባል። ልጆቹ መንገድ ላይ፣ ውኃ ሲቀዱ፣ ከብት ሲመልሱ እርስ በርስ እንዲጠያየቁ አደረግን። ወይዘሮ አረጋሽ እንኳ ሻይ ሲቀዱ «ሀው ሜኒ?» ማለት ጀምረው ነበር። እኔ ያን ዓመት ለገናም አገሬ አልገባሁም። ድምፄ እስኪዘጋ አስተምሬ ጤና አዳም አኝኬ እመለሳለሁ። አሁን ሳስበው ያን ያህል ጉልበት ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ግን ደስ የሚል ጉልበት ነበር፣ ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሣ።

ሚያዝያ ላይ አቶ ደምሴ ቢሮአቸው ጠሩኝ። የፈተናው ምዝገባ ደርሷል። ወንበር አሳይተውኝ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ያሰቡትን ነገሩኝ።

«ሁሉንም አናስመዝግብ። ደካሞቹ ዘንድሮ ስምንተኛን ይድገሙ። ጎበዞቹ ብቻ ከተፈተኑ ውጤታችን ከግማሽ በላይ ይሆናል፤ ክፍሉም ይተርፋል።»

«ደካሞቹ እነማን ናቸው?»

ስማቸውን ጠሩልኝ። ዘነበች አለችበት።

«እነዚህ ከሌሎቹ እኩል ለፍተዋል» አልኳቸው። «ማለዳ መጥተዋል፤ ወላጆቻቸው የሐሙስ ማለዳ ረዳታቸውን ለቀዋል። አሁን አትፈተኑም ብንላቸው ከርሞ የሚመለስ ያለ ይመስልዎታል?»

«ከተዘጋስ ከርሞ ወዴት ይመለሳሉ?» አሉኝ። አልተቆጡም። «እኔ የማስበው ታች ስላሉት ነው፣ ወይንሸት። አምስተኛ ስላሉት፣ ስድስተኛ ስላሉት። ለእነሱ በር ክፍት እንዲቆይ ነው።»

እውነት አላቸው። እኔም እውነት አለኝ ብዬ አምን ነበር። ለዚህ ነው ያ ንግግር እስከዛሬ ከነቃሉ ትዝ የሚለኝ፤ ክፉ ሰውና ደግ ሰው አልነበርንም። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ትምህርት ቤቱ ጥሩ መስሎ እንዲታይ ልጅ ከደጅ ካስቀረን የሚተርፈው ቆርቆሮው ነው አልኳቸው። በመስኮት ወደ ሜዳው አዩ፤ ልጆቹ በጨርቅ ኳስ እየተጫወቱ ነው።

«እሺ» አሉ። «ሁሉም ይመዝገቡ። ግን ቢዘጋ እኔና አንቺ እዚያ ዛፍ ሥር አብረን ቆመን ለወላጆቻቸው እንናገራለን። ለብቻዬ አልናገርም።»

«አብረን እንናገራለን» አልኳቸው።

ፈተናው የሚሰጠው በአውራጃው ከተማ ነው። መኪና ስለማይገባ ሁላችንም በእግር ተነሣን። ጎህ ሲቀድ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ አቶ ይመር ከሦስት አህዮቻቸው ጋር ቆመው ጠበቁን። የጫኑት ጨው አይደለም፤ እናቶች ያዋጡት ዳቦና ቆሎ ነው። ማንም አልጠየቃቸውም፤ አህዮቹን ነድተው ፊት ፊት ሄዱ። ልጆቹ የፈተና ቀን እንዳይቆሽሽባቸው ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ዝናቡ ከቀትር በኋላ ያዘን። እየተንሸራተቱ፣ እየተሳሳቁ፣ ዳገቱ ላይ ግን ማንም ሳይነግራቸው እርስ በርስ በእንግሊዝኛ ጥያቄ እየተጠያየቁ ይወጣሉ። አቶ ደምሴ በቡናማ ኮታቸው ከኋላ ነበሩ፤ እየሳሉ፣ የደከመውን ልጅ ትከሻ ይዘው።

ውጤቱ ነሐሴ ውስጥ መጣ። ከግማሽ በላይ አልፈዋል። ዋንዛ ሜዳ እንደዚያ ሆኖ አያውቅም፤ ክፍሉም አልተዘጋም። ወይዘሮ አረጋሽ ያን ቀን ሻይ በነፃ ቀዱ። ዘነበች ግን ወደቀች፤ ከእሷም ጋር አቶ ደምሴ ስማቸውን ከጠሩልኝ ልጆች አብዛኞቹ ወደቁ። ቤቷ ሄጄ ላገኛት ሞከርኩ፤ የለችም አሉኝ። በዚያው ሰሞን የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ያኔ መምህር ወደታዘዘበት ይሄዳል እንጂ አይጠይቅም። መስከረም ላይ መንገዱ ሲደርቅ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄድኩ። ተማሪዎቹ ሊሸኙኝ ሲወጡ በዓይኔ አንዷን ፈለግኳት፣ አልነበረችም። ከዚያ ወዲያ ዘመኑ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ሲወስደኝ ቆይቶ ኦስሎ አመጣኝ። አዛውንት አጥቤ፣ አልጋ አንጥፌ፣ ቋንቋ ተምሬ ኖርኩ። የዋንዛ ሜዳን ወሬ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ዘነበች በያዘችልኝ ቀጠሮ ፉሩሴት ሄድኩ። ስምንተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ ያን ቀን ሥራ ላይ ነበር። በመጨረሻ የወለደቻት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጇ ሊያ በሩን ከፈተችልኝ።

«ሃይ፣ አንቺ ነሽ ላረረን?» አለችኝ። መምህሯ ነሽ ወይ ማለቷ ነው።

«አንቱ በያቸው» አለች ዘነበች ከወጥ ቤት።

«ማማ፣ አንቱ ስል ይምታታብኛል፣ ሶሪ።»

«ተያት» አልኩ።

ምሳ በልተን ስንጨርስ ዘነበች ያላወቅኩትን ነገረችኝ።

«እርስዎ ሲሄዱ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ሆኜ አይቼዎት ነበር። አፍሬ ነው ያልቀረብኩት» አለች። «አባቴ በቃ ብሎኝ ነበር። ሞክረሻል፣ አልሆነም፣ አሁን ጨውሽን ስፈሪ አለኝ። በሳምንቱ ግን አቶ ደምሴ ቤታችን መጡ። አባቴን ምን እንዳሉት ያውቃሉ? ዘንድሮ ያስመዘገብኳት እኔ ነኝ፣ ከርሞም የማስመዘግባት እኔ ነኝ አሉት።»

«አቶ ደምሴ?»

«አዎ፣ አቶ ደምሴ። የወደቅነውን ሁሉ በየቤታችን እየዞሩ ሰበሰቡን። እርስዎን የተካው መምህር እስኪመጣ ብዙ ቆየ፤ እሳቸው ናቸው ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ ያስተማሩን። ሳሉ ሲነሣባቸው ወደ ሰሌዳው ይዞራሉ፣ ሲያልፍላቸው ይቀጥላሉ። ጥያቄውን እርስዎ እንዳስነበቡን አድርገው ነበር የሚያስነብቡን። አባቴ ሐሙስ ሐሙስ ራሱ መስፈር ጀመረ፤ ጎደለ እየተባለም ሰፈረ። በዓመቱ አለፍኩ። ሁላችንም አላለፍንም፤ እኔ ግን አለፍኩ።»

ያን ሰው ላለፉት ዓመታት ሁሉ ሳስባቸው መስኮቱ አጠገብ ቆመው ሜዳውን ሲያዩ ብቻ ነበር የሚታዩኝ።

«በሕይወት አሉ እኮ» አለች ዘነበች። «በየበዓሉ እደውልላቸዋለሁ። ልደውል?»

ሳልመልስላት ደወለች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አደረገችው። ብዙ ከጠራ በኋላ ቀጭን የሽማግሌ ድምፅ መጣ። ዘነበች ሰላምታዋን አቅርባ፣ ሰው ላገናኝዎት ነው ብላ ወደ እኔ ገፋችው።

«አቶ ደምሴ፣ ወይንሸት ነኝ» አልኩ።

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«አልተዘጋም» አሉኝ። «አሁን እስከ አሥረኛ ደርሷል። ጣሪያውንም ቀይረውታል።»

ዓይኔን ጠረግኩ። ጤናቸውን ጠየቅኩ፤ ሳሉ እንዳለ ነው አሉ። ስለ እኔ ጠየቁኝ፤ ጡረታ ወጥቻለሁ አልኳቸው።

«እኔም ወጥቻለሁ፣ ከወጣሁ ቆየሁ» አሉ። «ግን ዘነበች ልጇን ሂሳብ አስቸገራት ስትለኝ ከረመች። ባሏ ሰፈር እንቀይር፣ ማዮርስቱን በኩል ያለው ትምህርት ይሻላል ይላል አለችኝ። እኔ ከዚህ ሆኜ ምን ላድርግላት? አንቺ ቅርብ ነሽ?»

«በባቡር ትንሽ ነው።»

«እንግዲያው ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ፤ ሳል ያዛቸውና ስልኩን ለልጃቸው ሰጡ።

ሊያ ሶፋው ላይ ተኝታ ስልኳን እየነካካች ስታዳምጥ ነበር። ስሟ ሲነሣ ቀና አለች። ዘነበች ሰዎች አንድ ነገር ለመለመን ሲያፍሩ እንደሚያደርጉት ሰሐን ማንሣት ጀመረች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። እኔ ሂሳቡን አውቃለሁ፣ ሊያ ኖርስኩን፣ የአገሩን ቋንቋ፣ ታውቃለች፤ መጽሐፉ ምን እንደሚል ለእኔ ትነግረኛለች፣ እንዴት እንደሚሠራ እኔ እነግራታለሁ። ከታችኛው ፎቅ አንዲት የኤርትራ ልጅ፣ ከጎን ካለው በር ደግሞ አንድ የሶማሌ ልጅ ተጨምረዋል። ባልየው ሰፈር ስለመቀየር ማውራቱን አልተወም፤ እኔም የትኛው እንደሚሻል አልከራከረውም። ሲነጋገሩ እኔ ጠረጴዛውን እጠርጋለሁ፣ ልጆቹ ደብተራቸውን ያወጣሉ።

ባለፈው ሳምንት ሊያ ፈተናዋን ይዛ መጣች። ሁለት ነው ያገኘችው፤ እዚህ አገር ከፍተኛው ስድስት ነው። ወረቀቱን ፊቴ ጣለችው።

«አልችልም አልኩሽ» አለችኝ። «ናይ፣ አይሆንም፣ በቃ። ለሌሎቹ አስተምሪ።»

ወረቀቱን አገላብጬ አየሁት። የመጨረሻዎቹ ጥያቄዎች ባዶ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ላይ ግን መንገዱን ይዛ ሄዳ መጨረሻ ላይ ነው የሳተችው። ሁለቱ ልጆች እስክሪብቶአቸውን አስቀምጠው የምለውን ይጠብቃሉ። ዘነበች ከወጥ ቤቱ በር ላይ እጇን በፎጣ እያደረቀች ቆማለች።

ከጎኔ ያለውን ወንበር ሳብ አደረግኩላት።

«ሦስተኛው ላይ እስከዚህ ድረስ ልክ ነሽ» አልኳት። «ከዚህ ነው የምንነሣው። ቁጭ በይ።»

ትንሽ ቆመች። ከዚያ ጃኬቷን አውልቃ ተቀመጠች።